ሐሙስ የሚያልቅ ስንቅ

እምየ የምትደውልልኝ ሐሙስ ሐሙስ ነው። “የምትደውልልኝ” ያልኩት ለወጉ ያህል ነው እንጂ የምታደርገው ሚስኮል ነው። ሒሳብ እንዳይቆጠርባት አንዱን ጣቷን አረንጓዴው ቁልፍ ላይ፣ ሌላውን ቀዩ ላይ ደግና፣ ዒላማ እንደሚመታ ሰው ትንፋሿን ውጣ ነው። አንዴ ጮኾ ከጠፋ “ደህና ነኝ፣ አንተስ?” ነው። ሁለቴ ከጮኸ “ደውል” ነው። ሦስቴ ከሆነ ወይ ላሟ ወልዳለች ወይ ሰው ሞቷል፤ የትኛው እንደሆነ ማጣራት የእኔ ፈንታ ነው። ባለፈው ዓመት ሦስቴ ሲጮህ ከስብሰባ ወጥቼ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ በልቤ ቀብሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የደወልኩት። ወንድ ጥጃ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው።

መልሼ ስደውል ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እኔን፣ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ መጥታ አንድ ቀን ብቻ ያየቻቸውን ጎረቤቶቼን፣ የጎረቤቶቼን ውሻ ሳይቀር ደህና መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ዋናው ጉዳይ ትገባለች፦

“ስንቅህስ አለቀ?”

ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለአርባ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነው። ጎልማሳው ማቀዝቀዣ አለው። ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሳይርቅ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሐኪሙም ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ቆጣ ብሎ፣ ክብደት ቀንስ ብሎታል። ይህን ሁሉ ነግሬያት አውቃለሁ። ሐኪሙን “የሰው ልጅ ሲወፍር ዓይኑ የሚቀላ” ብላዋለች።

ለምን ሐሙስ እንደሆነ የሚገባው ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

ቤታችን ከማንኩሳ ወደ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስገባ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ አስፋልቱ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ የእኛ ሰፈር ልጅ ፍኖተ ሰላም መውረድ ነበረበት። አያቴ እስክታርፍ ድረስ “ወጀት ወረደ” ነበር የምትለው፤ የከተማዋ የድሮ ስም እሱ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ያሏት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። አያቴ የንጉሡን ስም አከብራለሁ ትልና ከተማዋን ግን በራሷ ስም ትጠራ ነበር።

አራት ሆነን አንዲት ክፍል እንከራያለን። ከባሕር ዛፍ የተሠራ አንድ አልጋ፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ ድስት። እሑድ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዳችን የሳምንት ስንቃችንን በነጠላ ቋጥረን፣ በዱላ ጫፍ አንጠልጥለን ሦስት ሰዓት እንጓዛለን። ሃያ እንጀራ፣ በላስቲክ የታሰረ ሽሮ፣ በወረቀት የተጠቀለለ በርበሬና ጨው፣ በመድኃኒት ብልቃጥ የኑግ ዘይት። ቡሬ ላይ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ከተከፈተ ዓመታት ቢያልፉም ለእኔ ዘይት ማለት ዛሬም ያቺ ቡሽ የተወተፈባት ብልቃጥ ናት።

የዳጉሳ እንጀራ ሰኞ ንጉሥ ነው። ማክሰኞ ራስ ነው። ረቡዕ ጠርዙ ይደርቅና ፊታውራሪ ይሆናል። ሐሙስ ጢም ያበቅላል። ጢሙን በቢላ ላጭተን፣ የተረፈውን ደጅ ፀሐይ አስጥተን፣ ድርቆሽ ነው ብለን ፍርፍር እናደርገዋለን፤ እሱም ለአራት አይበቃም። ዓርብ ጾም ነው። የእኛ ጾም ግን ሐሙስ ማታ ነበር የሚገባው፤ ቄሱም አያውቁትም።

ይህን ለቤተሰብ መንገር ነውር ነው። ቅዳሜ እናቶቻችን “በቃችሁ?” ሲሉ “ኧረ ተርፎን ለውሻ ሰጠነው” እንላለን። ምክንያቱም አልበቃንም ካልን የሚጨመረው ከታናናሾቻችን ድርሻ ነው። አራታችንም እንዋሻለን፣ አራቱም እናቶች ያምናሉ፤ ያመኑ መስሎን ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ሰኔ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ዘበኛው መጥቶ “ሰው ይፈልግሃል” አለኝ። በአጥሩ በኩል እምየ ቆማለች። የላስቲክ ጫማዋን ጭቃ እንዳይበላው በእጇ ይዛዋለች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ነጠላዋ ከዝናቡ የተነሳ ራሷ ላይ ተጣብቋል። ጀርባዋ ላይ ግን ደረቅ ነገር አዝላለች። በአገራችን እናት በሥራ ቀን ትምህርት ቤት ከመጣች ነገሩ አንድ ነው። ጉልበቴ ራደ።

“ማን ሞተ?” አልኳት።

“ማንም አልሞተ። ሐሙስ ነው ብየ ነው።”

ከጀርባዋ አወረደችው። እንጀራው ገና ለብ ያለ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በሰውነቷ ሙቀት ነው የመጣው። “ለአራታችሁም ነው” አለችና፣ ላሟ ሳትታለብ እንዳይመሽ ብላ በዚያው እግሯ ተመለሰች። ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ምናልባት ማንም አልነገራትም፤ ሃያ እንጀራን ለሚያድግ ልጅ አካፍላ ደርሳበት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ተለዋውጧል፣ የእምየ ካርታ ግን አልተለወጠም። እሷ ዘንድ ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ ቤትና ፍኖተ ሰላም። አዲስ አበባ፣ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ያው ፍኖተ ሰላም ነው። ታናሽ ወንድሜ ያለበት ዱባይ ዛፍ የሌለበት ፍኖተ ሰላም ነው። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምንላት፣ የምትኖርበት ቨርጂኒያም ባሕር የሚሻገሩለት ፍኖተ ሰላም ነው። ሁሉም ዘንድ ልጅ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሁሉም ዘንድ ሐሙስ ስንቅ ያልቃል። እታለም ቤት እንደገዛች ብንነግራትም “ገዛሁ ትበላችሁ እንጂ፣ የወር የወር ትከፍል የለም እንዴ?” አለች። ሠላሳ ዓመት የሚከፈለውን የቤት ብድር እንዲህ አሳጥሮ የገለጸልኝ የባንክ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እታለም የሄደችው በዲቪ ነው። ሞልታ በላከች ሰሞን እምየ ለሰፈራችን ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳለች። ደረሳት፤ ጃንጥላው ገባ። ቪዛው እንዳይከለከል ሌላ ጃንጥላ ተሳለች። አልተከለከለም፤ ገባ። በሰላም እንድትደርስ ሦስተኛ። ከደረሰች ከወር በኋላ ደግሞ ቶሎ እንድትመለስ አራተኛውን ተሳለች። “እምየ፣ ጊዮርጊስን ግራ አጋባሽው እኮ፤ አንዴ ውሰዳት አንዴ መልሳት” ስላት “እሱ ፈረስ አለው፣ ምን ቸገረው” አለችኝ። አራተኛው ጃንጥላ አስራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ገና አልገባም።

ማንኩሳ ሲባል የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” ያነበበ ሰው በዛብህን ያስታውሳል። መጽሐፉ በ1958 ነው የታተመው። እምየ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምታዋለች። ለእሷ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ የድርሰት ሰው አይደለችም፤ ከወንዝ ማዶ የምትኖር፣ አመሏ የታወቀ ጎረቤት ናት። እስከ ዛሬ ቂም ይዛባታለች።

“ልጇ ቢታመምባት ተሳለች፣ ይሁን። እንዳያገባ ብሎ መሳል ግን ምን ይሉታል? በሕፃን ልጅ አንገት ገመድ! ማንኩሳ ያን ጊዜ ሰው አልነበረበትም? ‘ተይ’ የሚላት ጠፋ?”

“አንቺስ እምየ፣ አራት ጊዜ ተስለሽብን የለም እንዴ?”

“የእኔ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላ ሰው አያስርም።”

እንግዲህ ወደ በርበሬው ልግባ፤ የቤታችን ጉዳይ ሁሉ መጨረሻው እሱ ነው።

ቡሬ የበርበሬ አገር ናት። ወራቱ ሲደርስ ገበያው ቀይ ይለብሳል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ገና ሳያየው በአፍንጫው ይደርስበታል። እምየ ለሰባ ዓመቷ ሳትሳሳ ከማንኩሳ በመኪና ተጭና ቡሬ ትወጣለች። በርበሬ የምትገዛው በዓይኗ አይደለም። አንድ ዛላ ታነሳና ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ታንቀጫቅለዋለች፤ ፍሬው ካልተንኳኳ ውኃ አርከፍክፈውበታል ማለት ነው፣ ሚዛን እንዲያነሳ። ቀጥላ ትሰብርና ታሸተዋለች። ካላስነጠሳት ወደ ቀጣዩ ነጋዴ ታልፋለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ አስራ አንድ ነጋዴ ጋ ሳታስነጥስ አለፈች፤ አስራ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር እኔ አስነጠስኩ። ሰውየው “ይኸው!” ብሎ ሊሸጥላት ነበር። የእኔን ማስነጠስ አልተቀበለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ቤቱ በርበሬ ነው። መቀንጠስ አለ። ማጠብና ማስጣት አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም ጨምሮ መደለዝ አለ። እንደገና ማስጣት አለ፤ ዶሮ ማባረር አለ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ለየብቻው ይታመሳል። ይህ ሁሉ አልፎ ወፍጮ ቤት ይኬዳል፤ እዚያ ደግሞ ተራ ሲደርስ ዝም ብሎ አይፈጭም። ከፊት ያለው ሰው በርበሬ ያስፈጨ መሆን አለበት። በቆሎ ከሆነ ወፍጮው የያዘው ዱቄት ይቀላቀላል፤ ሽሮ ከሆነማ ጨርሶ አይሆንም። እምየ ከፊቷ ያለው ሰው የሚያስፈጨውን በርበሬ እንኳ ቀምሳ፣ ካልወደደችው ተራዋን ለኋለኛው ትለቃለች።

ወፍጮ ቤቱ የእምየ የልቅሶ ቦታም ነው። እምየ በሌላ ቦታ አታለቅስም። አባቴ ያረፈ ጊዜ እንኳ ለቀስተኛው “ጠንካራ ሴት” ሲላት ሰምቻለሁ። የእታለም በርበሬ ሲፈጭ ግን ከአፈሙዙ አጠገብ ትቆማለች። ሁሉም ሰው ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ወደ ደጅ ሲሸሽ እሷ አትሸሽም። እንባዋ ጉንጯን ሞልቶ በአገጯ ይንጠባጠባል። “ውጪ እንጂ” ስላት “የእጄን ከሰው እጅ እንዳይቀላቅሉት ነው” ትለኛለች። ወፍጮው ካቆመ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ እንባዋ ይቀጥላል። ባለ ወፍጮው አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ ከዚያ ሰፈር ልጇ ያልሄደባት እናት የለችማ። እሷም፣ ጎረቤታችንም፣ ሁሉም ጎን ለጎን ቆመው በርበሬ ያስፈጫሉ።

በርበሬው ከማንኩሳ በአውቶቡስ እኔ ጋ ይደርሳል። ከእኔ እስከ ቨርጂኒያ ያለው የእኔ ሥራ ነው። የቤተሰባችን ጉምሩክ እኔ ነኝ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ በወሬ አፈላልጌ፣ ከሠርግ ከልቅሶ አጠያይቄ፣ ጫማዬን ጠርጌ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። መንገደኛው ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች አሉት፤ ከዚያ ላይ ለእኔ የምትደርሰኝ ሁለት ኪሎ ናት። እምየ የላከችው ደግሞ ስምንት ነው። “ሁለት ኪሎ” ማለት ለእሷ “ስድብ” ማለት ነው። ስለዚህ ስድስቱን ኪሎ ለቀጣይ መንገደኞች እየከፋፈልኩ እልክና፣ እታለም በየሦስት ወሩ ሁለት ሁለት ኪሎ በርበሬ ትቀበላለች፤ እምየ ስምንቱም በአንድ ቀን እንደደረሰ ታውቃለች። እናትና ልጅ ሲነጋገሩ ቁጥር እንዳይነሳ መጠበቅም የእኔ ሥራ ነው።

ቋንጣ እልካለሁ ብላ ያስቸገረችኝን፣ ሥጋ እዚያ አያስገቡም ስላት “ቋንጣ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ደርቋል” ያለችኝን ልለፈው። የጠበሉን ግን አልዘለውም። ጥር ውስጥ ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ ተሳፍራ ሄዳ ከምንጩ በሃይላንድ ጠበል ቀድታ ላከች። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ኋላ ወንዙ ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። “መጽሐፍ የመለሰ ውኃ ሰው መመለስ ያቅተዋል?” አለችኝ። ጠበሉን የያዘችልኝ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ይፈነዳል ብላ ፈርታ በእጇ ይዛው ነበርና ፍተሻ ላይ ይህን ያህል ፈሳሽ አይገባም አሏት። ሴትዮዋ ጠበል መድፋት አልሆነላትም። እዚያው ቆማ ግማሹን ጠጣችው፤ ግማሹን ራሷ ላይ አፈሰሰችው። በእርጥብ ፀጉር አውሮፕላን ገባች። ለእምየ እንዴት እንደምነግራት ሳምንት ሙሉ ሳምጥ ቆይቼ ነገርኳት። “ደግ አደረገች” አለች። “እሷስ ቢሆን የሰው ልጅ አይደለችም?”

አሁን ደግሞ የራሴን ኃጢአት።

ከሦስት ዓመት በፊት የመጣው በርበሬ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከነዳጅ ጀሪካን ጋር ተደራርቦ ኖሮ፣ ማዳበሪያውን ስከፍተው ነዳጅ ነዳጅ ሸተተኝ። መንገደኛው በማግስቱ ይበራል። ምን ላድርግ? ከሰፈራችን ሱቅ ሁለት ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ ገዛሁ። የእምየን የጨርቅ ከረጢት ፈትቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የሱቁን በርበሬ ጨምሬ፣ እምየ በሰፋችበት በዚያው ቀይ ክር መልሼ ሰፋሁት። ስፌቱ እንኳ እንዳይታወቅ ጠማማ አደረግኩት። በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እታለም ደወለች። ታለቅሳለች።

“እምየ ምን ሆናለች?”

“ምንም አልሆነች።”

“አትዋሸኝ! በርበሬው ኮረሪማው ጠፍቷል። ጨው በዝቶበታል። የሷ እጅ አይደለም። አልጋ ላይ ናት፤ ሰው ነው የሠራላት። እውነቱን ንገረኝ፣ ትኬት እያየሁ ነው!”

እንግዲህ አስቡት። እኔ በየሳምንቱ ደውዬ “እምየ ደህና ናት” የምለውን ቃሌን ሳይሆን በርበሬውን ነው ለካ ስታዳምጥ የኖረችው። ኮረሪማው ልክ ከሆነ የእምየ አእምሮ ደህና ነው፤ ጨው ከበዛ ዓይኗ ደክሟል፤ ጥሩ ካልደቀቀ ወፍጮ ቤት አልቆመችም፤ ያም ማለት እግሯን አሟታል። በሁለት ኪሎ ዱቄት ሙሉ የሐኪም ምርመራ። ሁሉንም ተናዘዝኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ትኬት ታይበት የነበረውን ገጽ ስትዘጋ በስልኩ የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም።

ነገሩ እምየ ጆሮ መድረሱ አልቀረም። መዋሸቴ አላናደዳትም። “ስንት ገዛኸው?” አለች። ነገርኳት። “ተዘረፍክ” አለችና ዘጋችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግን ማኅተም አበጀች። ከረጢቱን ከመስፋቷ በፊት መሃሉ ላይ አንድ ያልተፈለጠ ኮረሪማ ትቀብራለች። እታለም በርበሬው እንደደረሳት እጇን እስከ ክርኗ ትከትና ኮረሪማዋን ታወጣለች። ለእኔም፣ ለዱባዩም እንዲሁ። እኔ ጉምሩክነቴ አልቀረም፤ የታመንኩ ጉምሩክ ግን አይደለሁም።

ኢሞ የሚባለው ነገር ከመጣ ወዲህ መተያየት ቀሏል ይባላል። እምየ ትልቁን ስልክ ስትይዝ ግን እንደ ማንኛውም ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው የምትለጥፈው። እታለም የምታየው የእናቷን ጆሮና የጣሪያውን ቆርቆሮ ነው። “እምየ፣ ፊትሽን አሳይኝ” ስትላት ስልኩን ታዞርና ምድጃውን ታሳያታለች። የጎረቤት ልጅ መጥታ ካስተካከለችላት በኋላ ደግሞ እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ደረቷን ነፍታ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ አፏን ሳታንቀሳቅስ ትቀመጣለች። እኛ ጋ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ቀን ገደማ መሆኑም ደስ አይላትም። “ፀሐይዋን እኛ ከተጠቀምንባት በኋላ ነው እነሱ የሚያገኟት” ትላለች። “ለዚያ ነው ብርድ በረዶ የሚሆንባቸው። የተረፈ ነው።” እህቴ የወፍራም ልብሶቿን ፎቶ በላከች ቁጥር ይህ ትምህርት ይጠናከራል።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠና ለወራት ሳይመለስ ቆየ። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የማውቀው፣ እምየ በዚያ ሁሉ ጊዜ መቀንጠሷን፣ መደለዟን፣ ማስፈጨቷን እንዳላቋረጠች ነው። የሚወስድላት መኪና ሲጠፋ ከረጢቶቹን ቆጥ ላይ ደረደረቻቸው። በየሐሙሱ ማታ አንድ የበቆሎ ፍሬ ቆርቆሮ ውስጥ ትጥላለች። መንገድ ተከፍቶ ዕቃው ሲደርሰኝ አራት ከረጢትና ያ ቆርቆሮ መጣ። ሠላሳ አንድ ፍሬ አለው። “የሠላሳ አንድ ሐሙስ ዕዳ ነው” አለችኝ። ማን የማን ባለ ዕዳ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ገንዘብ ስለመላክም አንድ ነገር ልበል። ሦስታችንም እንልካለን። እሷ ደግሞ በቴሌብር ትቀበላለች፤ ሚስጥር ቁጥሯን ሱቁ ደጃፍ ቆማ ለባለ ሱቁ ጮክ ብላ ስለምትነግረው ማንኩሳ በሙሉ ያውቀዋል፣ እስካሁንም የነካባት የለም። ነገር ግን ከላክነው ላይ ለራሷ አንድ ነጠላ ገዝታ አላየሁም። የእታለም ዶላር ብር ሆኖ ማንኩሳ ይገባል፤ ማንኩሳ ያለው ብር ቡሬ ወጥቶ በርበሬ ይሆናል፤ በርበሬው በመንገደኛ ሻንጣ ቨርጂኒያ ይመለሳል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግና ዶላሩ ሲተኮስ እኛ “እሰይ፣ ለእምየ በዛላት” አልን። የበዛው ኮረሪማው ነው።

“ለራስሽ ግዢበት እንጂ” ስንላት “ለእኔ ምን ጎደለኝ፣ እኔ ቤቴ ነኝ፤ ተከራይታችሁ ያላችሁት እናንተ” ትለናለች።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ስልኬ ሳይጮህ መሸ። ሥራ ወጥሮኝ የሰነበተበት ሳምንት ነበር። አንድ ሰዓት ሆነ፤ የለም። ሁለት ሰዓት፤ የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቴ “ደውልላት እንጂ ምን ያዞርሃል?” አለችኝ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዕድሜ የገፉት ዘመዶቻችን ሁሉ ትተውኝ ሄደው በልቤ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በአራተኛው አነሳች፤ ድምፅዋ የእንቅልፍ ነው።

“ማን ሞተ?” አለችኝ።

“ማንም አልሞተ። ሐሙስ ሆኖ ሳትደውይ መሽቶብኝ…”

ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ ጥጃው እምቧ ሲል ሰማሁ።

“ልጀ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።”

አየሁት፤ ረቡዕ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ቀኑ ተምታታብኝ አልኳት። አላመነችኝም። “ቀን የሚምታታው ሳይበሉ ሲውሉ ነው” አለች። በልቻለሁ ብዬ ማልኩ። “ድሮስ ተርፎን ለውሻ ሰጠነው ስትሉኝ አልነበር” አለችና ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ከቡሬ የመጣው አውቶቡስ ረዳት ነው።

“ወንድሜ፣ ዕቃ አለህ፣ ቶሎ ድረስ። ቅቤው መቅለጥ ጀምሯል።”

ደረስኩ። አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ አገልግል። አገልግሉን ስነካው ለብ ያለ ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ አስቀምጠውት ይሆናል።

“እናትህ ናቸው?” አለኝ ረዳቱ። “ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንኩሳ አስፋልቱ መሃል ቆመው ነው ያስቆሙን። ሹፌሩ ‘ማን ሞቶባቸው ነው’ ብሎ ደንግጦ ነው የቆመው።”

ምን እንዳሉት ጠየቅኩት።

“‘ማንም አልሞተ፣ ሐሙስ ነው’ አሉን። ምን ማለት ነው?”

ላስረዳው አፌን ስከፍት ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንዴ ጮኸና ጠፋ።